በጎች ቀድመው የሰሙት ዘፈን

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ የሰሜኑ አገር የክረምት ጎሕ ገና ሳይቀድ፣ የሳንድቪክ መንደር መዘምራን መሪ ስቱርላ በገዛ ሳሎኑ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ግራጫ የሱፍ ካልሲ እንዳደረገ በጀርባው ተንጋሏል። ራሱ ከፒያኖው እግር ሥር ነው፤ ከጆሮው ኋላ የወረደው ደም በተወለወለው ጣውላ ላይ ደርቆ ጠቁሯል። የሹራቡ ቀኝ እጅጌ ከትከሻው ላይ ተተርትሯል።

ኢንስፔክተር ኦድኒ በሩን ከፍታ እንደገባች ቁጢጥ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች።

«ኧረ ኦድኒ!» አላት ሳጅን ብራጊ ከሳሎን። ጡረታ ሊወጣ አራት ወር የቀረው፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ አፉ ግን ደህና የሆነ ሰው ነው። «ሰውየው ሞቷል እኮ፤ ወለሌን አቆሸሽሽ ብሎ አይቆጣሽም። እንቺ ይኼን ላስቲክ፣ ከላይ አጥልቂበት።»

«እጄ ነው ያደረገው» አለች አፍራ። «እናቴ በጫማ ጉዳይ ከፖሊስ አዛዡ ትብስ ነበር።»

ሐኪሙ ከሬሳው ቀና አለ። «የወደቀው ትናንት ማታ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ተገፍቶ ይመስለኛል። ግን ወዲያው አልሞተም፤ አንድ ሁለት ሰዓት ሳያጣጥር አልቀረም።» ጓንቱን አወለቀ። «ስልክ የሚደውልለት ሰው ቢኖር ኖሮ ይተርፍ ነበር።»



ብራጊ በባትሪው ወለሉን አበራ። «ሐሙስ ቀኑን ሙሉ መንገዱ የቀለጠ በረዶና ጭቃ ነበር። ተመልከቺ፣ ከመግቢያው እስከ ፒያኖው አንዲት የጫማ አሻራ የለም። ሌባ ደሞ ጫማውን አያወልቅም። የገባው እንግዳ ነው። አውልቆ፣ ደህና አመሸህ ብሎ፣ ምናልባትም ተቀምጦ ያወራ ሰው።»

ኦድኒ ፒያኖውን ታየው ነበር። «መቅረጫው የለም» አለች።

«የቱ መቅረጫ?»

«ረቡዕ ቢሮ መጥቶ ነበር። ትንሽ የድምፅ መቅረጫ ይዞ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ማታ አገሩ በሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ለአውሮፓው የዘፈን ውድድር የሚልከውን ዘፈን ይመርጣል። ለፍጻሜ ከደረሱት አምስት ዘፈኖች አራተኛው የሳንድቪክ ነው፤ የደረሰው ኤሌክትሪሺያኑ ኮልበይን፣ የምትዘፍነው ደግሞ ኢልሙር የምትባል የዓሣ ፋብሪካ ሠራተኛ። ከዳቦ ቤቱ እስከ ወደቡ የኢልሙር ፎቶ ያልተለጠፈበት መስኮት የለም። ረቡዕ ዕለት ግን ስቱርላ መቅረጫዋን ኦድኒ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ አንድ ነገር አሰማት። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ መከር ላይ፣ በጎቹ ከተራራ ወርደው በየባለቤታቸው በሚለዩበት ቀን፣ ኮልበይን አኮርዲዮኑን ይዞ ያንኑ ዘፈን ይጫወታል፤ አርባ ሰው ይቀበለዋል፤ በጎቹም ከኋላ ያጅባሉ። የውድድሩ ደንብ ደግሞ ካለፈው መስከረም በፊት በአደባባይ የተሰማ ዘፈን አይቀበልም።

«ሁላችንም ነበርን፣ ሁላችንም ረስተነዋል» አላት ስቱርላ። «እኔም ትናንት ሌላ ነገር ስፈልግ ነው ያገኘሁት። አገሩ ከመረጠው በኋላ ቢጋለጥ በአውሮፓ ፊት መሳቂያ እንሆናለን። ለኮልበይንና ለኢልሙር ራሴ እነግራቸውና ዓርብ ለቴሌቪዥን ጣቢያው እደውላለሁ። እስከዚያ በሆድሽ ያዢው።»

«በጎቹ ቀድመው የሰሙት ዘፈን በለኛ!» ብላ ነበር ኦድኒ። ስቱርላም ስቆ ነበር።

ይኼን ሁሉ ለብራጊ ነገረችው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አልነገረችውም።

*

ሬሳውን ያገኘችው ጎረቤቱ ሎዋ ናት። የኮልበይን እናት፣ የስድሳ ስድስት ዓመት ሴት፣ መግቢያው ላይ ያለችው ጠባብ አግዳሚ ላይ በካልሲዋ ተቀምጣ፣ በፎጣ የተሸፈነ የፓንኬክ ሳህን ጭኗ ላይ አድርጋለች። ከውጭ ጩኸቷን ሰምተው የመጡት ጎረቤቶች በበሩ መስታወት ያያሉ።

«ማታ ከቤት አልወጣሁም» አለች ሎዋ፤ ብራጊ ይጽፋል። «ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ቴሌቪዥን ፊት ነበርኩ። አምስቱንም ተወዳዳሪዎች አንድ በአንድ ሲያቀርቡ ነበር። ኮልበይኔን አየሁት። ሹራቡ እንዴት እንዳማረበት! ዛሬ ጠዋት ፓንኬክ ጋግሬ ለስቱርላ ላቀምሰው ብዬ ... በሩ መቼም አይቆለፍም። ጫማዬን አወለቅኩ፣ ስቱርላ ብዬ ተጣራሁ፣ ከዚያ ...» የሳህኑን ፎጣ አስተካከለች።

ብራጊ ወደ ሳሎን ሲመለስ ሎዋ የኦድኒን እጅ ለቀም አደረገች።

«ስለ ፍልውሃው ለማንም ትንፍሽ አላልኩም» አለች በሹክሹክታ። «ለኮልበይንም አልነገርኩት፤ ከቅዳሜ በኋላ ብዬ ነበር። አይዞሽ የኔ ቆንጆ። እንጀራሽን የሚያሳጣሽ ቃል ከኔ አፍ አይወጣም።»

ኦድኒ ፊቷ ጋለ። ሐሙስ ጠዋት፣ ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ፣ እንደ ሁልጊዜው ከዋና በኋላ ፍልውሃው ገንዳ ውስጥ ነበሩ፤ ሁለቱ ብቻ። ብርዱ ከመክበዱ የተነሳ እንፋሎቱ ፊት ለፊት ያለን ሰው አያሳይም። ሰው በእንፋሎት ውስጥ ሲያወራ ለራሱ የሚያወራ ይመስለዋል። ሎዋ ስለ ልጇ በደስታ ስትፈነድቅ ኦድኒን አሳዘነቻት፤ ለደግ ብላ፣ ልጅሽ ሳይዋረድ በራሱ ፈቃድ ዘፈኑን ከውድድሩ ቢያወጣው ይሻላል፣ ስቱርላ ዘንድ መቅረጫ አለ፣ ብላ ነገረቻት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ፖሊስ ጣቢያ በአደራ የተነገረ ነገር አንድ ሌሊት አደረና ጠዋት ገንዳ ውስጥ ገባ።

«አመሰግናለሁ» አለች ኦድኒ፤ ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም።

እፎይ ያለችውን ያህል አፈረች። ውለታውን የምትመልስበት ሌላ ነገር ስላጣች፣ ከአግዳሚው ሥር ከተደረደሩት ጥቁር የጎማ ቦቶች ሎዋ ያሳየቻትን ሁለቱን አነሳች፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ ቦት የሚገዛው ወደቡ ላይ ካለችው ሱቅ ስለሆነ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ተንበርክካ አጫማቻት። ግራው ልክክ አለ፤ ቀኙ ዘው ብሎ ገባ።

«እግርሽም ከሳ እንዴ ሎዋ?»

«ሰው ሲያረጅ የማይከሳ ነገር አለው ብለሽ ነው?» አለች ሎዋ። ቀኝ እግሯን እየጎተተች በበረዶው ላይ ወደ ቤቷ ሄደች። ኦድኒ ድንጋጤው ነው ብላ አዘነችላት።

*

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ኢልሙር ፖሊስ ጣቢያ ተቀምጣ ነበር። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ ትንሽዬ፣ በግንባሯ ላይ ፀጉሯን ራሷ የቆረጠች።

«ሐሙስ ማታ የት ነበርሽ?» አለ ብራጊ።

«ቤቴ።»

ብራጊ ከኪሱ አንዲት ቀይ የሱፍ ጓንት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። «ይቺስ? የሷ ቤት የት ነው? ስቱርላ ወንበር ሥር አድራ አገኘኋት።»

ኢልሙር ጓንቷን አየቻትና አለቀሰች።

«ጠራኝ። አንድ ሰዓት ላይ ሄድኩ። ዘፈኑ ይሰረዛል አለኝ። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ዘፈን ያስተማረኝ እሱ ነው ... አንተ ምቀኛ ሽማግሌ አልኩት። እንደዚያ ብዬው ወጣሁ። የመጨረሻ ቃሌ ይኼ ነው።»

«ስትወጪ ቆሞ ነበር?»

«ቆሞ ነበር። ጓንትሽን ረሳሽ እያለ ይጣራ ነበር። አልዞርኩም።»

«እና ለምን ዋሸሽ?»

«ስለማፍር ነዋ!»

«ከዚያስ? ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። ባሕሩ ዳር ተቀምጬ ሦስት ሰዓት እስኪሆን አለቀስኩ።»

«ያየሽ ሰው?»

«ወፎች» አለች ኢልሙር።

ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ብራጊ ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። «አልወደድኩትም። ልጅቷን ከጥምቀቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። ግን ቁጠሪው፤ ምክንያት አላት፣ ቦታው ላይ ነበረች፣ ዋሽታለች፣ ያያት ሰው የለም። ኮልበይን እንደሆነ ሐሙስ ማታ ዋና ከተማው ላይ ከአርባ ሰው ጋር ልምምድ ላይ ነበር። ስቱርላ እሱን ሊያገኘው ደውሎ አላነሳለትም። ስለ መቅረጫው ከአንቺና ከእሷ ሌላ ማን ያውቃል?»

አንድ ትንፋሽ የምታህል ጊዜ ነበረች። ኦድኒ በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ጡረታዋን፣ ሃያ ስድስት ዓመት የለበሰችውን የፖሊስ ልብስ፣ ገንዳው ውስጥ ነገ የሚወራውን አየች። ሎዋስ ከዚህ ነገር ምን አገናኛት? የስድሳ ስድስት ዓመት ሴት፣ ፓንኬክ የምትጋግር፣ ውለታ የዋለችላት።

«እኔ እስከማውቀው ማንም» አለች።

ዳኛው ኢልሙር እስከ ቅዳሜ ማታ ታስራ እንድትቆይ ፈቀደ። የመጨረሻው ልምምድ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ እዚያ ያልተገኘ መድረክ አይወጣም። የእስር ቤቱ በር ሲዘጋ ልጅቷ ኦድኒን ቀና ብላ አየቻት። የተናደደ ዓይን ቢሆን ይሻል ነበር። ተማሪ አስተማሪዋን እንደምታይ ነበር ያየቻት፤ መልሱን እንደምታውቅ ሰው።

*

ኮልበይን ዓርብ አመሻሹ ላይ ከዋና ከተማው ተመለሰ። ኦድኒ ያገኘችው መኪናው ውስጥ፣ በሽቦና በፊውዝ መሃል፣ አኮርዲዮኑን አቅፎ ተቀምጦ ነው።

«አልዋሽሽም፣ ረስቼዋለሁ» አላት። «በግ ስንለይ የተጫወትኩት ሰክሬ ነው። ዜማው ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ፤ ዘንድሮ የመጣልኝ መስሎኝ ጻፍኩት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ልኬያለሁ ኦድኒ። አሠራሩን ታውቂዋለሽ፤ ዘፈኑ በብዕር ስም ይሄዳል፣ እውነተኛ ስምሽ በታሸገ ኤንቬሎፕ። ዳኞቹ ካልመረጡሽ ኤንቬሎፑ ሳይከፈት ይመለስልሻል። አሥራ ሦስቱ ሳይከፈቱ ተመልሰዋል። ከነማኅተማቸው እናቴ መሳቢያ ውስጥ ናቸው። ማን እንደሆንኩ እንኳ ሳያውቁ ነው አይሆንም ያሉኝ።»

«ለእናትህ ደወልክላት?»

«አልደፈርኩም። ምን ልበላት? ስቱርላን ሞቶ ላገኘች ሴት ኢልሙር ታስራለች፣ ዘፈኔም የቆየ ነው ልበላት? ጭራሽ ሐሙስ ማታ እንኳ ሊያዩኝ አልቻሉም። ቃለ መጠይቄ ሊቀርብ ሲል የማዕበል ማስጠንቀቂያ ገባና ሳያቀርቡኝ ፕሮግራሙ አለቀ። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ተንተባትቤ ነበር።»

የኦድኒ እስክሪብቶ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ቆመ።

ኮልበይኔን አየሁት። ሹራቡ እንዴት እንዳማረበት፣ ብላ ነበር ሎዋ።

እናት አይደለች? አለች ለራሷ። ያላየችውን አየሁ ብትል ምን አለበት? ምናልባት የሌላ ቀኑን ይሆናል። ምናልባት ተኝታ ሊሆን ይችላል፣ ያንን ማለት አፍራ ይሆናል። ሰው ለወደደው ሰበብ አያጣም፤ ለፈራው ደግሞ የባሰ። ደብተሩን ከደነችው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ሆዷ ግን አውቋል።

*

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ብቻዋን ወደ ስቱርላ ቤት ተመለሰች። ባለሙያዎቹ ፎቶ አንስተው፣ አሻራ ወስደው ሄደዋል። እሷ የመጣችው መቅረጫውን ፍለጋ ነው፤ ወይም እንደዚያ ነው ለራሷ የነገረችው። መግቢያው ላይ ቁጢጥ ብላ ጫማዋን አወለቀች። ዛሬ የሚከለክላት ብራጊ የለም።

ሳሎኑን፣ ኩሽናውን፣ የኖታ መደርደሪያውን በረበረች። ምንም የለም። የቀራት ከኩሽናው በር ኋላ ጓሮ ያለው የቆሻሻ በርሜል ነው። ውጭው ጉልበት የሚደርስ በረዶ ነው፣ የእሷ ጫማ ደግሞ አጭር። እዚያ አገር ማንም ሰው እንደሚያደርገው፣ ከአግዳሚው ሥር የባለቤቱን ቦት ሳብ አድርጋ እግሯን ከተተች።

ግራው ሰፋት። ቀኙ አልገባም አለ።

ገፋች። ጣቶቿ ተጨናነቁ። ለአፍታ የራሷ እግር ያበጠ መሰላት። ከዚያ ቦቱን አውጥታ ወደ መብራቱ ገለበጠችው። ግራው ሶል ላይ አርባ ሦስት የሚል ቁጥር አለ። ቀኙ ላይ ሠላሳ ስምንት።

በብራጊ የማስረጃ ዝርዝር ላይ «ጥቁር የጎማ ቦት፣ አንድ ጥንድ» ተብሎ ነው የተጻፈው። ሁለት ሲሆን ጥንድ ነው፤ ማን ይመረምረዋል? ግብዣ ተበልቶ፣ ሁሉም ሞቅ ብሎት ሲበተን፣ የሰው ቦት አድርጎ ያልሄደ ሰው ሳንድቪክ ውስጥ የለም። በማግስቱ ይደዋወላል፣ ይሳሳቃል፣ ይቀያየራል። ግን ተደናግጦ የሚወጣ ሰው ደግሞ አለ። በጨለማ መግቢያ ውስጥ፣ ሳሎን ውስጥ የሚያቃስት ሰው እየሰማ፣ ያገኘውን አንድ ግራ ያገኘውን አንድ ቀኝ አድርጎ የሚወጣ።

ኢልሙር፣ ስትታሰር እንደተመዘገበው፣ ሠላሳ አምስት ቁጥር ነው የምታደርገው።

ኦድኒ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። እጆቿን አየቻቸው። ትናንት ጠዋት፣ በዚሁ ቦታ፣ ተንበርክካ፣ በነዚህ እጆች የሟቹን ቦት በገዳይዋ እግር ላይ አጥልቃለች። ግራው ልክክ፣ ቀኙ ዘው። እግርሽም ከሳ እንዴ ብላ ቀልዳለች። ዓይኗ ጠፍቶ አልነበረም። ውለታ የዋለላትን ሰው እግር አትኩሮ ማየት አልፈለገችም ነበር፤ ይኸው ነው።

*

«ግቢ፣ በሩ ክፍት ነው!» አለች ሎዋ ከውስጥ።

መግቢያው ላይ ጥቁር የጎማ ቦቶች ጎን ለጎን ቆመዋል። ኦድኒ ጎንበስ ብላ ገለበጠቻቸው። ሠላሳ ስምንት። አርባ ሦስት። ሁለቱንም አንስታ በካልሲዋ ወደ ኩሽና ገባች፣ ሎዋ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸው። ከቦቶቹ ላይ ውሃ ጠብ ጠብ አለ።

ሎዋ ጠረጴዛውን በጨርቅ ጠረገች። አንዴ፣ ሁለቴ።

«ቦት ጠረጴዛ ላይ አይወጣም» አለች።

«ሎዋ።»

«ልቀይረው ነበር የመጣሁት።» ተቀመጠች። «ዓርብ ጠዋት። ተኝቶ ያደረ መስሎኝ ነበር፣ ራሱን በጨርቅ አስሮ፣ ተቆጥቶኝ። ይቅርታ ልለው ፓንኬክ ጋገርኩ። ሳየው ... ያ ጩኸት የውሸት አልነበረም ኦድኒ። ከዚያ ሰዉ መጣ፣ እናንተ መጣችሁ፣ ቦቱን መቀየር አልቻልኩም።»

«ሐሙስ ማታ ምን ሆነ?»

«ልለምነው ሄድኩ። ልጅቷ እያለቀሰች ስትወጣ በመስኮት አይቼ ነበር። ጫማዬን አወለቅኩ፣ ተቀመጥኩ፣ በሥርዓት ለመንኩት። አንድ ቀን ብቻ አልኩት። ልጄን አንድ ማታ አገሩ ይየው፣ ከዚያ ታጋልጠዋለህ። ስቱርላ አይሆንም አለ። በጎ ሰው ሲያስቸግር ታውቂያለሽ? ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነው አይሆንም ያለኝ። መቅረጫውን ነጠቅኩት፣ እጄን ያዘኝ፣ እጅጌውን ጎተትኩ፣ ገፋሁት። ወለሉ ያንሸራትታል፣ ሁለታችንም በካልሲ ነን። ወደቀ።»

«ሲያቃስት ሰምተሻል?»

ሎዋ ጨርቁን አጠፈች። «ሰምቻለሁ። ይነሳል ብዬ ነው የሄድኩት። ቤቴ ገብቼ ቦቱን ሳወልቅ የሱ መሆኑን አየሁ። ያኔ መመለስ ነበረብኝ። ቴሌቪዥኑን እንኳ አልከፈትኩም። በጨለማ ተቀመጥኩ። ልጄ ሲቀርብ አላየሁትም።»

«አልቀረበም» አለች ኦድኒ። «ማዕበል ነበር።»

ሎዋ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ተነስታ መሳቢያ ከፈተች። አሥራ ሦስት የታሸጉ ኤንቬሎፖች በክር ታስረው ተቀምጠዋል፤ ከላያቸው ላይ መቅረጫዋ።

«ባሕር ልወረውራት ሁለት ጊዜ ወደቡ ድረስ ሄድኩ። አልቻልኩም። ልጄ አለባት። ሰው ሁሉ አብሮት ሲዘፍን። እንደዚያ ሲዘፍኑለት መቼ ሰማሁ?» መቅረጫዋን ኦድኒ እጅ ላይ አደረገቻት። «ስለ ፍልውሃው አልናገርም። አሁንም አልናገርም። አንቺ ለደግ ብለሽ ነው።»

ኦድኒ የምትፈራው ይኼን ነበር። ትናንት ያ ዝምታ መሸሸጊያ ነበር፤ ለሁለቱም። ዛሬ ግን ከልብ የመጣ ደግነት ነው፣ ስለዚህም ከትናንቱ ይከብዳል።

«ከማን ሰማሁ ትያለሽ ታዲያ?»

«ከራሱ ከስቱርላ።»

«ማን አምኖሽ! ልትለምኚ የሄድሽው አውቀሽ ነው። ሰዉ የሚለውን እነግርሻለሁ፤ ልጅቷ ከስቱርላ ቤት እያለቀሰች ወጥታ ለሎዋ ነገረቻት፣ አሰናዳቻት፣ ላከቻት ይላል። ዕድሜ ልኳን ይላል። በእያንዳንዱ ገንዳ ውስጥ።»

ሎዋ መሳቢያውን ዘጋች። ኮቷን ለበሰች። መግቢያው ላይ ስትደርስ የምታደርገው ጫማ ፈለገች፤ ቦቶቹ ማስረጃ ሆነዋል። ኦድኒ ከመደርደሪያው የእሁድ ጫማዋን አውርዳ ፊቷ አስቀመጠችላት። ይኼን ጊዜ አልተንበረከከችም።

*

ኢልሙር አራት ሰዓት ላይ ተፈታች። ልምምዱ ላይ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ነበራት፣ መንገዱም ይበቃታል። አምስት ሰዓት ላይ ግን ኮልበይን ለቴሌቪዥን ጣቢያው ደውሎ ዘፈኑን ከውድድሩ አወጣው። አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው ይባላል፤ «የቆየ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ኦድኒ ሪፖርቱን ጽፋ ለብራጊ ሰጠችው። ብራጊ መነጽሩን አደረገ፣ የመጀመሪያውን መስመር አነበበ፣ መነጽሩን አወለቀ።

«አንደኛ ምስክር፣ ኢንስፔክተር ኦድኒ የሃልዶር ልጅ» አለ። «ሐሙስ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ... ይኼ ምንድነው?»

«የሆነው ነው።»

«ቦቱ ይበቃል እኮ። ቦቱ፣ መቅረጫው፣ ቃሏ። ዳኛ ሌላ አይፈልግም። ይኼን ገጽ ብትቀጂው ማንም አያውቅም፣ ሎዋም አትናገርም።»

«እኔ እስከማውቀው ማንም ያልኩህ ትዝ ይልሃል?»

ብራጊ መነጽሩን ኪሱ ከተተ። ትዝ ብሎታል። ገጹን ከሌሎቹ ጋር አስተካክሎ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሽማግሌ፣ ማያያዣ መታበት።

«ጡረታ አብረን እንወጣለን ማለት ነው» አለ። ሊያስቃት ነበር።

*

ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን የሳንድቪክ መንገድ ጭር አለ። በየመስኮቱ የቴሌቪዥን ሰማያዊ ብርሃን ይወራጫል። ኦድኒ ከዓሣ ፋብሪካው ጀርባ ያለውን ደረጃ ወጥታ አንኳኳች።

ኢልሙር በሩን ከፈተች። ከኋላዋ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል። ከሦስተኛው ዘፈን በኋላ አቅራቢዋ ፈገግ ብላ አምስተኛውን ጠራች።

ኦድኒ እዚያው መግቢያው ላይ ቆማ ነገረቻት። ረቡዕን፣ ሐሙስን፣ እንፋሎቱን፣ ኮሪደሩ ላይ ያለችውን ቃል። ምንም አላስቀረችም። ለደግ ብዬ ነው የሚለውን ግን ዘለለችው።

«እኔ ታስሬ እያለሁ ታውቂ ነበር» አለች ኢልሙር።

«ለሎዋ እንደነገርኳት አውቅ ነበር። ሌላውን ... ማወቅ አልፈለግኩም።»

«የመጨረሻ ቃሌ ምቀኛ ሽማግሌ ነው። ያንቺስ የመጨረሻ ቃል ለስቱርላ ምን ነበር?»

ኦድኒ አሰበች። «በሆዴ እይዘዋለሁ ብዬው ነበር።»

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሰው አጨበጨበ፤ የሰው አገር ያህል ሩቅ ይመስላል። ሁለቱም የሚጨምሩት ነገር አልነበራቸውም። እንደዚያ ሲሆን እዚያ አገር እንግዳ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ዝም ተባብሎ ይቆያል። ኦድኒ ቁጢጥ አለች። እጇ ነው ያደረገው፤ የጫማዋን ማሰሪያ ያዘች።

«ጫማሽን አታውልቂ» አለቻት ኢልሙር።

ኦድኒ የፈታችውን ማሰሪያ መልሳ አሰረችው።